ፎቶው ስንት ይላል?
(ትምህርታዊ የሬዲዮ ዝግጅት፦ ዲጂታል ምስል ለምርምር)

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን በተለይ ለዩኒቨርሲቲና ለኮሌጅ ተማሪዎች፣ ለግብርናና ለጤና ባለሙያዎች፣ ለሳይንስ መምህራን የተሰናዳ ነው። ካሜራ ያለው ስልክ በኪሱ የያዘ ሁሉ ግን ቢሰማው ይጠቀምበታል። ርእሳችን ለምርምር የሚሆን ዲጂታል ምስል እንዴት እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚቀናበርና እንዴት እንደሚለካ ነው።

ስለ ምስል በሬዲዮ ማስተማር ይከብዳል የሚል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ እርሳስና ካሬ ካሬ መስመር ያለው ደብተር ያዙ፤ ምስሉን እናንተው ትሠሩታላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ፤ አድማጮች ደብተር እንዲያቀርቡ)

ዘጠኝ ሳጥን ያዙ፤ ሦስት ወደ ጎን፣ ሦስት ወደ ታች። በላይኛው ረድፍ 200፣ 198፣ 203 ብላችሁ ጻፉ። በመካከለኛው ረድፍ 201፣ 15፣ 199። በታችኛው ረድፍ 202፣ 197፣ 200። ልድገመው፤ ላይ 200፣ 198፣ 203፤ መሐል 201፣ 15፣ 199፤ ታች 202፣ 197፣ 200።

አሁን ዲጂታል ምስል ሠራችሁ። እያንዳንዱ ሳጥን ፒክስል ይባላል። ውስጡ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ በዚያች ነጥብ ላይ ያረፈው ብርሃን መጠን ነው። በተለመደው አሠራር ዜሮ ማለት ድፍን ጥቁር፣ 255 ማለት ንጹሕ ነጭ ሲሆን፣ በመካከል ያሉት ሁሉ የግራጫ ደረጃዎች ናቸው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ያለው ምስል ነጣ ያለ ገጽ ሆኖ መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አለበት። ያቺን 15 ቁጥር አትርሷት፤ የዛሬው ትምህርታችን አብዛኛው ክፍል በእርሷ ዙሪያ ነው።

የመጀመሪያው ዲጂታል ምስል እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ነው የተሠራው። ራስል ከርሽ የተባለ መሐንዲስ የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ በመቃኛ መሣሪያ አሳልፎ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። የዚያ ምስል ስፋት 176 በ176 ፒክስል ነበር፤ ሲባዛ ከ31 ሺህ ትንሽ ያንሳል። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው መካከለኛ ስልክ 4,000 በ3,000፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ፎቶ ያነሣል። ፎቶው ባለ ቀለም ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥር ይይዛል፤ አንድ ለቀይ፣ አንድ ለአረንጓዴ፣ አንድ ለሰማያዊ። እንግዲህ አንድ ፎቶ ስናነሣ 36 ሚሊዮን ቁጥር መዘገብን ማለት ነው። ዓይናችን መልክ ያያል፤ ኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ ያያል። ተመራማሪ ደግሞ ሁለቱንም ማየት አለበት።

ምስል ማቀናበር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሠርግ ፎቶ ማሳመር ነው። ፊት ማለስለስ፣ ሰማዩን ማድመቅ፣ ከኋላ የቆመውን ሰው ማጥፋት። በምርምር ሥራ ውስጥ ግን ቃሉ የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው፤ ከምስሉ ውስጥ ልክ ማውጣት። ምን ያህል ስፋት፣ ስንት ፍሬ፣ ምን ያህል ርዝመት፣ ካለፈው ዓመት በስንት ተለወጠ? ፎቶው ቆንጆ መሆኑ ለሳይንስ ምንም አይጨምርም። ትክክለኛ ቁጥር ከሰጠ ግን ደብዛዛ ቢሆንም ዋጋ አለው።

ወደ አካባቢያችን እንምጣ። ሐዲያ ስንዴ አምራች ነው፤ በሌሞ፣ በአና ሌሞ፣ በሚሻ፣ በዱና ያላችሁ ገበሬዎች ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ የስንዴ አካባቢዎች ተዛምቶ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ ክፉኛ ጎድቶታል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ዲገሉ የተባለው ዝርያ በግንድ ዋግ ተመታ። ዝርያ የሚመርጡ ባለሙያዎች በሽታውን የሚመዘግቡት ቅጠሉን በዓይን አይተው «ይህ 20 በመቶ ተይዟል፣ ያኛው 40 በመቶ» እያሉ ነው። ልምድ ያለው ዓይን በዚህ ሥራ ይመሰገናል፤ ፈጣንም ነው። ችግሩ አንዱ 20 ያለውን ሌላው 35 ሊለው መቻሉ ነው። ያው ባለሙያ ራሱ ጠዋት ያለውንና ከሰዓት በኋላ ደክሞት የሚለውን ብናስተያይ ልዩነት ልናገኝ እንችላለን። የምስል ልኬት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ያንኑ ፎቶ በዚያው መንገድ አሥር ጊዜ ብንለካው አሥር ጊዜ ያንኑ ቁጥር ይሰጠናል።

እስቲ አንድ የስንዴ ቅጠል ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

ቅጠሉን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉት፤ ከተጠቀለለ ጫፍና ጫፉን በግልጽ ፕላስተር ያዙት። ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ። ይህን ማስመሪያ ችላ የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ ማስመሪያ የሌለበት ፎቶ ግን ሚዛን እንደሌለው እህል ተራ ነው፤ ዕቃው ይታያል፣ መጠኑ አይታወቅም። ቅጠሉን ጥላ ሥር አድርጉት። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ቅጠሉ ያንጸባርቃል፣ ያንጸባረቀው ቦታ ደግሞ ቁጥሩ 255 ደርሶ ይቆማል። 255 ላይ የቆመ ፒክስል ውስጥ የነበረው መረጃ ጠፍቷል፤ በኋላ በምንም ሶፍትዌር አይመለስም። ስልኩን ከቅጠሉ ትይዩ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ዘንበል ካለ አንዱ ጫፍ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ፍላሹን አጥፉ። ስልኩ «ማስዋቢያ» የሚለው ነገር ካለው እርሱንም አጥፉ፤ የዛሬ ስልኮች ሳንጠይቃቸው ቀለም ያደምቃሉ፣ ጠርዝ ይስላሉ፣ የጠቆረውን ያበራሉ። በተቻለ መጠን ሁሉንም ቅጠል በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት አንሡ። መስክ ላይ በዚህ ጉዳይ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ቢሮ ውስጥ የብዙ ቀን ድካም ያድናል።

አሁን ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ነው እንበል። ለዚህ ሥራ ውድ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። ኢሜጅ ጄ የሚባል፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ዌይን ራዝባንድ የሠራው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሥራው እንዳይቆም ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ማስመሪያውን እንለካለን። የማስመሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ፎቶው ላይ 1,500 ፒክስል ቢይዝ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር 150 ፒክስል ነው። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ደግሞ 150 ሲባዛ በ150፣ 22,500 ፒክስል ይሆናል። ይህን ቁጥር ጻፉት።

ቀጥሎ ቅጠሉን ከወረቀቱ እንለያለን። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥር እንደሚይዝ ተናግረን ነበር፤ የቀዩ፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ቁጥሮች እያንዳንዳቸው አንድ ንብርብር ይሆናሉ። ነጭ ወረቀት ሦስቱንም ብርሃን ስለሚመልስ በሦስቱም ንብርብር ቁጥሩ ከፍተኛ ነው። ቅጠሉ ግን፣ አረንጓዴው ክፍልም ሆነ ዋጉ የያዘው ቢጫ ክፍል፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚመልሰው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰማያዊውን ንብርብር ብቻ ብናይ ቅጠሉ በሙሉ ጠቁሮ፣ ወረቀቱ ነጥቶ ይወጣል። «ከዚህ ቁጥር በታች ያለው ሁሉ ቅጠል ነው» ብለን ወሰን እናስቀምጣለን፤ ፕሮግራሙ ከወሰኑ በታች ያሉትን ፒክስሎች ይቆጥራል። 675,000 ቢመጣ፣ ለ22,500 ሲካፈል 30 ነው። የቅጠሉ ስፋት 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው።

ዋጉን ከጤነኛው ለመለየት ደግሞ ወደ ቀዩ ንብርብር እንሄዳለን። ቢጫ ቀለም የሚፈጠረው ከቀይና ከአረንጓዴ ብርሃን ድምር ስለሆነ፣ ዋጉ ያለበት ቦታ በቀዩ ንብርብር ይደምቃል፤ ጤነኛው አረንጓዴ ጠቆር ይላል። በቅጠሉ ውስጥ ከወሰኑ በላይ ያሉት ፒክስሎች ተቆጥረው 135,000 ቢሆኑ፣ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ30ው 20 በመቶ። ከግምት ወደ ልኬት ተሸጋገርን።

ወሰኑን ማን ይወስናል? የሥራው ከባድ ጥያቄ ይኸ ነው። ወሰኑን ትንሽ ዝቅ ብናደርገው ገርጣ ያለው ቅጠል ሁሉ ዋግ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከፍ ብናደርገው ደግሞ ጀማሪው ዋግ ይታለፋል። የራሱ ዝርያ በሽታ የሚቋቋም ሆኖ እንዲወጣለት የሚፈልግ ሰው፣ ሳያስበው እንኳ፣ ለአንዱ ቅጠል አንድ ወሰን ለሌላው ሌላ ወሰን ሊመርጥ ይችላል። ኖቡዩኪ ኦትሱ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ዘዴ ኮምፒውተሩ ራሱ የቁጥሮቹን ሥርጭት አይቶ፣ ፒክስሎቹን በሁለት ጎራ አብልጦ የሚለየውን ወሰን ይመርጣል። ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ የምስል ሶፍትዌር ውስጥ አለ። እርሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይሳካለትም፤ ቅጠሉ ላይ ጨርሶ ዋግ ከሌለ እንኳ በግድ ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ጥቂት ቅጠሎችን በዓይንም በኮምፒውተርም ለክቶ ማመሳከር፣ ከዚያ አንድ ደንብ ይዞ ለሁሉም ቅጠል እርሱኑ መጠቀም፣ ደንቡንም በጥናቱ ውስጥ መጻፍ ግዴታ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ደብተራችሁ እንመለስ። መሐል ላይ ያለችው 15። ዙሪያዋ ሁሉ 200 ገደማ ሆኖ እርሷ ብቻ ለምን 15 ሆነች? ምናልባት የካሜራው ጉድለት ነው፤ ምናልባት ሌንሱ ላይ አቧራ አለ። እንዲህ ያለውን ነጠብጣብ የሚያጠራ ማጣሪያ አለ። አንደኛው መንገድ አማካይ መውሰድ ነው። ዘጠኙን ቁጥሮች ደምሩ፤ 1,615 ይመጣል፣ ለ9 ሲካፈል 179 ገደማ። ጥቁሩ ነጥብ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም፤ እንዲያውም ማጣሪያው በጎረቤት ሳጥኖች ላይ ሲያልፍ እድፉን ለእነርሱም ያካፍላቸዋል። ሁለተኛው መንገድ ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ነው፦ 15፣ 197፣ 198፣ 199፣ 200፣ 200፣ 201፣ 202፣ 203። አምስተኛውን፣ የመሐሉን፣ ውሰዱ፤ 200። በ15ቷ ቦታ 200 ተተካ፤ ነጥቡ ጠፋ፣ ጎረቤቶቹም አልተበላሹም። መካከለኛ ማጣሪያ የሚባለው ይህ ነው፤ ኮምፒውተሩ በ12 ሚሊዮኑም ፒክስል ላይ በቅጽበት ይሠራዋል።

ማጣሪያው ግን 15ቷ ምን እንደሆነች አያውቅም። አቧራ ከሆነች ጥሩ ሠራ። የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ከሆነች ግን ልንፈልገው የወጣነውን ነገር ራሳችን አጠፋነው። በወባ ምርመራ ይህ ጉዳይ የሰው ሕይወት ነው። ማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ስልክ አስጠግታችሁ የደም ናሙና ፎቶ ስታነሡ፣ ቀይ የደም ሴል ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮ ሜትር ነው፤ በውስጡ ያለው ጀማሪ የወባ ተሕዋስ ከዚያ እጅግ ያነሰ ቀለበት ነው። ጠንከር ያለ ማጣሪያ ተሕዋሱን ከነቀለበቱ ጠርጎ ሊወስደው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ በደንብ ያልተጣራ ማቅለሚያ የሚተወው ዝቃጭ ተሕዋስ መስሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ስንቱን ማጥፋት ስንቱን መተው እንዳለበት የሚወስነው ስለ ናሙናው የሚያውቅ ሰው ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ምስል ማቀናበር ቢማር፣ ላቦራቶሪ ገብቶ ከማያውቅ የኮምፒውተር ባለሙያ የተሻለ ውጤት ያመጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ደግሞ የበለጠ።

ስለ እንሰት ሳላነሣ ብቀር ሐዲያም ከምባታም ይታዘበኛል። እንሰት በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ ነው። ጠላቱ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ሲሆን፣ መንሥኤውን ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 ለይተው ለዓለም አሳውቀዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የአገራችን ተመራማሪዎች ኮምፒውተርን በብዙ የእንሰት ፎቶ አሠልጥነው የታመመውን ከጤነኛው እንዲለይ ለማድረግ ጥናት አካሂደዋል። ጅምሩ ይደገፍ እላለሁ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ፎቶ የሚያሳየን ምልክት ነው፤ መንሥኤውን አያሳይም። የእንሰት ቅጠል በድርቅም ይገረጣል፣ በውርጭም ይጠወልጋል፣ በአፈር ድህነትም ቢጫ ይሆናል። ኮምፒውተሩ የተማረው በበጋ በተነሡ የታመሙ እንሰቶችና በክረምት በተነሡ ጤነኞች ከሆነ፣ የተማረው በሽታውን ሳይሆን ወቅቱን ነው። ስለዚህ ፎቶዎቹ ከብዙ ጓሮ፣ በተለያየ ወቅት፣ ከተለያየ ዝርያ መነሣት አለባቸው፤ በሽታው መሆኑም በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት። ፎቶ ልታነሡ ጓሮ ስትገቡ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ቅጠል ወይም ግንድ ከቆረጣችሁ ደግሞ ቢላዋውን በእሳት ሳታሳልፉ ወደሚቀጥለው እንሰት አትሂዱ፤ አጠውልግ ከጓሮ ጓሮ ከሚዛመትባቸው መንገዶች ዋነኛው የተበከለ ቢላዋ ነው። ምርምር በሽታ ተሸክሞ መዞር የለበትም።

ከጓሮ ወደ ሰማይ እንውጣ። ላንድሳት ከተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1972 ከመጠቀ ወዲህ ምድር ያለማቋረጥ ፎቶ ስትነሣ ኖራለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያ ሁሉ ክምችት በነጻ ተከፍቷል። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነጻ ምስል ይሰጣል። አገራችንም የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1ን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አምጥቃ ከእንጦጦ ተከታትላታለች። እነዚህ ሳተላይቶች ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃንም ይመዘግባሉ። ለምለም ቅጠል ይህን ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፣ ቀይ ብርሃን ግን ለምግቡ ይጠቀምበታል። እስቲ አስሉ፦ ኢንፍራሬዱ 50፣ ቀዩ 10 ቢሆን፣ ልዩነታቸው 40፣ ድምራቸው 60፤ 40 ለ60 ሲካፈል 0.67። ለምለም ማሳ ነው። ኢንፍራሬዱ 30፣ ቀዩ 25 ቢሆን፣ 5 ለ55፣ 0.09። ይህ የተራቆተ መሬት ነው። በዓለም ዙሪያ ድርቅና ምርት የሚገመትበት ታዋቂው የልምላሜ መለኪያ ይህቺው ማካፈል ናት።

የሳተላይት ፒክስል ግን ሰፊ ነው። የሴንቲኔል አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ የላንድሳት 30 በ30 ነው። ቤት አጠገብ ያለ 20 በ20 ሜትር የእንሰት ጓሮ በሴንቲኔል አራት ፒክስል ቢያክል ነው፤ በላንድሳት የአንዱን ፒክስል ግማሽ አይሞላም። በዚያች አንድ ፒክስል ውስጥ እንሰቱ፣ የቤቱ ጣሪያ፣ ቡናውና የግቢው ሣር ተደባልቀው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። የኛ አካባቢ ገበሬ ማሳው ትንሽና ቅይጥ ስለሆነ፣ በሰፊ የአሜሪካ እርሻ ላይ የተሠራ ዘዴ እንዳለ ቢመጣ አይሠራም። ይህ ለወጣት ተመራማሪዎቻችን የተተወ ሥራ ነው፤ ሌላ ማንም አይሠራልንም።

የሚመች ርእስ ለሚፈልግ ደግሞ ሻሾጎ ውስጥ ቦዮ ሐይቅ አለ። ጥልቀት የሌለው፣ እንደ ወቅቱ የሚሰፋና የሚጠብ ውሃ ነው። ውሃ ቅርብ ኢንፍራሬድን ስለሚውጥ በዚያ ንብርብር ጠቁሮ ይታያል፤ እንደ ስንዴው ቅጠል ወሰን አስቀምጦ ፒክስል መቁጠር ነው። አንድ የሴንቲኔል ፒክስል 100 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ መቶው አንድ ሄክታር ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። የአንዱን ዓመት ጥር ከሌላው ዓመት ጥር ጋር አወዳድሩ፤ ጥርን ከመስከረም ጋር ያወዳደረ ሰው ሐይቁ ጠፋ ወይም ሞላ ብሎ ሊያውጅ ይችላል። ሌላው፣ ደንገልና ሣር የሸፈነው ውሃ ከላይ ሲታይ ለምለም መሬት ይመስላል፤ ፒክስሉ ውሃ አይልም። ስለዚህ ዳር ዳሩን በእግር ሄዶ፣ አካባቢውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በክረምት ደመናው ስለሚከለክል ጥሩ ምስል የሚገኘው በአብዛኛው በበጋ መሆኑንም አስቀድማችሁ አስቡ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ብዙ ተማሪዎችን ስለሚጎዳ አንድ ነገር ልናገር፤ ስለ ፋይል። ስልካችን 36 ሚሊዮኑን ቁጥር እንዳለ አያስቀምጥም፤ ጄፔግ በሚባል ዘዴ ያምቀዋል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየቆረጠ፣ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። ለማስታወሻ ፎቶ ምንም አይደል። ፎቶውን እየከፈታችሁ፣ እያስተካከላችሁ ደጋግማችሁ በጄፔግ ስታስቀምጡ ግን በየጊዜው ይጥላል። ቲፍ ወይም ፒኤንጂ በሚባለው ዓይነት ብታስቀምጡ አይጥልም። የባሰው ደግሞ ቴሌግራም ነው። መስክ ላይ ያለው ተማሪ ፎቶውን በቴሌግራም ለጓደኛው ይልካል፤ ቴሌግራም በተራ ፎቶነት የተላከውን ያሳንሰዋል፣ ያምቀዋልም። 150 ፒክስል የነበረው ሴንቲ ሜትር 50 ገብቶ ይመጣል፤ ጀማሪው የዋግ ነጠብጣብ ጠፍቶ ይደርሳል። መላክ ካለባችሁ በፋይል መልክ ላኩ፣ ወይም በፍላሽ ዲስክ ውሰዱ። ፎቶው የተነሣበትን ቦታና ሰዓት ስልኩ ፋይሉ ውስጥ ጽፎ ሊይዝ ይችላል፤ ለምርምሩ ይጠቅማል፣ ግን የገበሬውን ጓሮ ለዓለም ከማሳየታችሁ በፊት አስቡበት። የታካሚ ስም ወይም ቁጥር የተጻፈበት የናሙና መስታወት ፎቶ ደግሞ ከላቦራቶሪው እንዲህ በቀላሉ መውጣት የለበትም።

የመጨረሻው ጉዳይ እምነት ነው። በዓለም ላይ የታወቁ የሳይንስ መጽሔቶች የተጭበረበረ ምስል አስቸግሯቸዋል። የሴል ባዮሎጂ መጽሔት የሚባለው ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኅትመት የተቀበላቸውን ጽሑፎች ምስሎች አንድ በአንድ መመርመር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤሊዛቤት ቢክ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ40 መጽሔቶች የወጡ 20,621 ጽሑፎችን መርምራ 3.8 በመቶው ችግር ያለበት፣ የተደገመ ምስል እንደያዘ አሳተመች። ከእነዚህም ቢያንስ ግማሹ ሆን ተብሎ የተነካካ ይመስል ነበር። እነዚህ ጽሑፎች በባለሙያ ታይተው ያለፉ ናቸው። አንድ የተቀባ ምስል የሰው መድኃኒት፣ የገበሬ ዘር፣ የመንግሥት ገንዘብ ወደተሳሳተ አቅጣጫ ይወስዳል።

የተፈቀደውና ያልተፈቀደው ግልጽ ነው። የምስሉን ብርሃን በሙሉ እኩል ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይፈቀዳል፤ ከተጻፈ። አንዱን ጥግ ብቻ ለይቶ ማብራት፣ የማይፈለገውን ነጥብ መፋቅ፣ የሁለት ናሙና ፎቶ አንድ አስመስሎ ማጋጠም አይፈቀድም። ለሚወዳደሩ ምስሎች ሁሉ አንድ ዓይነት አሠራር መጠቀም ግዴታ ነው። ጥርጣሬ ሲኖር መመለሻው ዋናው ፋይል ነው፤ ዋናው ፋይል ከጠፋ ንጹሕ የሆነው ተመራማሪ እንኳ ንጽሕናውን የሚያሳይበት ነገር የለውም።

በሆሳዕናም በዱራሜም ያላችሁ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በየኮሌጁ፣ በየላቦራቶሪውና በየግብርና ጽሕፈት ቤቱ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ የጥናታችሁን ፎቶዎች ክፈቱ። ዋናዎቹን ለብቻቸው አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉና አትንኳቸው፤ ሌላ ቅጂም ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የምትሠሩት በቅጂው ላይ ብቻ ይሁን። በየቅጂው ላይ ምን እንዳደረጋችሁ፣ የትኛውን ወሰን፣ የትኛውን ማጣሪያ እንደተጠቀማችሁ፣ ቀን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። አማካሪ መምህራንም የመመረቂያ ጽሑፍ ከመፈረማችሁ በፊት «ዋናው ፎቶ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ተያይዘው የተነሡ ፍሬዎችን፣ እንደ ባቄላና እንደ ቡና ያሉትን፣ ኮምፒውተር እንዴት ለያይቶ እንደሚቆጥር እንማራለን፤ አንድ እፍኝ ባቄላ፣ ነጭ ወረቀትና ማስመሪያ አዘጋጅታችሁ ጠብቁን። ደኅና ቆዩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)